ጉምጉምታውን ፍለጋ፦ የአንድ ጊታር የፒክአፕና የግራውንድ ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጊታሩ ስትራቶካስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽ ያለው፣ ስም ያልተጻፈበት ቅጂ ነው። ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ ልጅ በ7,500 ብር ገዛሁት። ሦስት ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ (በማግኔትና በአንድ የሽቦ ጥቅል የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጥ)፣ የትኛው ፒክአፕ እንደሚሠራ የሚወስን ባለ አምስት ቦታ መምረጫ፣ አንድ የድምፅና ሁለት የቶን (የድምፅ ሹልነት) መቆጣጠሪያ አለው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ክሮቹም ለጣት ይመቻሉ። ችግሩ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ነው፤ ገና ክር ሳይነካ ጉምጉምታው ቤቱን ይሞላዋል።

ለፈጣን ዘፈን ከበሮው ይሸፍነዋል። እኔ የምጫወተው ግን ትዝታና አምባሰል ነው። ጣት ተነሥቶ የሚቀጥለው ሐረግ እስኪመጣ ያለው ዝምታ የዜማው አካል ነው፤ እዚያ ውስጥ የወፍጮ ቤት ድምፅ መስማት አልችልም።

ሳልከፍተው የሞከርሁት ይህን ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ ሳደርገው ጉምጉምታው ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም አምፕሊፋየሩ ሳይሆን ከመቆጣጠሪያው ወዲህ፣ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ነው። ኬብሉ የሚሰካበትን የጃኩን ብረት በጣቴ ስነካ ጉምጉምታው በግማሽ ይቀንሳል፤ ክሮቹን ስነካ ግን ምንም ለውጥ የለም። በጤነኛ ጊታር ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም ክሮቹ በብሪጁ (ታች በሚያርፉበት ብረት) በኩል በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከጃኩ ግራውንድ፣ ማለትም ከጋራ መመለሻው ጋር ይገናኛሉ። ያቺ ሽቦ ተበጥሳለች ማለት ነው።

ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ የእያንዳንዱን ፒክአፕ የብረት ምሰሶዎች መታ መታ አደረግሁ። በብሪጁ በኩል ያለው ጠቅ ይላል፣ የመካከሉም ጠቅ ይላል፣ በአንገቱ በኩል ያለው ግን ድምፅ የለውም። ሁለት በሽታ አገኘሁ፤ ሳልከፍተው።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ክሮቹን አውልቄ ነጩን የፕላስቲክ ክዳን አሥራ አንድ ብሎን ፈትቼ ገለበጥሁት። ማንኛውንም ሽቦ ከመንካቴ በፊት ፎቶ አነሣሁ፤ ከዚያም በወረቀት ላይ በእጄ ሣልሁት። ፎቶው ብቻ አይበቃም። ሽቦ ከሽቦ በላይ ሲያልፍ የትኛው ወዴት እንደሄደ ከፎቶ አይለይም፤ በእጅ ሲሣል ግን እያንዳንዱን በጣት መከተል ግድ ይሆናል።

ያየሁት ነገር ደስ አይልም። ብየዳው ግራጫና ሸካራ ነው፤ የሦስቱም ፒክአፕ የግራውንድ ሽቦዎች በአንድ የሊድ ጉብታ ተለጥፈዋል፤ አንዱ ሲነካ ይወዛወዛል። መቆጣጠሪያዎቹ 500 ኪሎ ኦም ናቸው። ለነጠላ ጥቅል ፒክአፕ የተለመደው 250 ኪሎ ኦም ነው፤ ከፍ ሲል ድምፁ ሹል ይሆናል። ይህ ጊታር ጆሮ የሚበሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፒክአፖቹን ሽቦ ከመምረጫው ነቅዬ ለየብቻ በቴስተር ለካሁ፦ የብሪጁ 6.1 ኪሎ ኦም፣ የመካከሉ 5.9፣ የአንገቱ ጨርሶ አይነበብም። ነጠላ ጥቅል ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ ቢሆን ጤነኛ ነው። የአንገቱ አለመነበቡ ከጥቅሉ ሽቦ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ሽቦው ውፍረቱ ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ጥቅል ወደ 8,000 ዙር ይደርሳል። ከመሐሉ ከሆነ የተበጠሰው እንደገና መጠቅለል ነው። ለጊዜው አቆየሁት።

እስካሁን የወጣ፦ ቴስተር 850 ብር፣ የሊድ ጥቅል 300፣ የብርጭቆ ወረቀትና ናስትሮ 130። ካቻቢቴና ፒንሳ ቤት ነበሩ። መበየጃ ከጎረቤት ተዋስሁ፤ ባለ 30 ዋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ጥፋት በዚያ ባለ 30 ዋት መበየጃ መጣ። ለመምረጫው ጥርሶችና ለትንንሽ ሽቦ ይበቃል። የመቆጣጠሪያው ጀርባ ግን ሰፊ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ሊዱ አልፈስስ ሲል ዝም ብዬ መበየጃውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ያዝሁት። ሊዱ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ተቀመጠ፤ በጥፍሬ ስገፋው ተፈነቀለ። መቆጣጠሪያው ግን ውስጡ ተቃጥሏል፤ ሳዞረው የቴስተሩ ንባብ ይዘላል። ትንሽ መበየጃ ዕቃ ያድናል ብዬ ነበር፤ እውነታው ተቃራኒው ነው። ሙቀት ሲያንስ ጊዜ ይረዝማል፤ ዕቃውን የሚገድለው ጊዜው ነው።

መርካቶ ሄጄ ባለ 60 ዋት መበየጃ በ700 ብር፣ መቆጣጠሪያ በ120 ብር ገዛሁ። 250 አላገኘሁም፤ ያለው 500 ብቻ ነው። ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ጎራ ብዬ የተቃጠለውን አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ ሊዱ ለምን አልያዘልኝም?» አልኋቸው። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ አልፋቅኸውም» አሉኝ። «ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ከዚያ ሊዱን መበየጃው ላይ አታቅልጥ፤ መበየጃው ብረቱን ያሙቀው፣ ብረቱ ደግሞ ሊዱን ያቅልጠው።» 250 እንደጠፋብኝ ስነግራቸው ከመሳቢያ 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አወጡ። በድምፅ መቆጣጠሪያው ሁለት የዳር እግሮች መካከል ሲበየድ 500 እና 470 ጎን ለጎን ሆነው ወደ 242 ይወርዳሉ። 15 ብር። ጊታር ይዘው አያውቁም፤ የኦምን ሕግ ግን ያውቃሉ።

ቤት ተመልሼ እንዳሉኝ አደረግሁ። ፍቆ፣ መጀመሪያ ብረቱንም ሽቦውንም ለየብቻ ሊድ አልብሶ፣ ከዚያ ማገናኘት። ሦስት ሴኮንድ ፈጀ። ሊዱ እንደ ውኃ ተዘርግቶ አብረቀረቀ። ለቆርቆሮ ሥራ የሚሸጠውን አሲድ ሊዱ እንዲይዝ ብለው የሚጠቀሙ አሉ፤ ለቧንቧና ለአሸንዳ እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ከወራት በኋላ ሽቦውን ይበላዋል። መሐሉ ሮዚን (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ የዛፍ ሙጫ) ያለው ሊድ ይበቃል። መስኮት መክፈት፣ ሲጨርሱም እጅ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ ሊዱ ውስጥ መርዛማው የእርሳስ ብረት አለ።

በዚያው ቀን ከኋላ ያለውን ክዳን ከፈትሁ። ብሪጁን ከኋላ የሚስቡትን ሞላዎች የሚይዘው ጥርስ ያለው ብረት ላይ መበየድ የነበረባት የክሮቹ የግራውንድ ሽቦ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። ጊታሩ ላይ እንዳለ ብሞክር እንጨቱ ይቃጠላል ብዬ ሞላዎቹን አውልቄ ብረቱን ፈታሁት፤ ጠረጴዛ ላይ ፍቄ በየድሁት። አሁን ከክር እስከ ጃኩ ግራውንድ ቴስተሩ ጢጥ ይላል፤ ንባቡ ከግማሽ ኦም በታች ነው። ክር ስነካ ጉምጉምታው ቀነሰ። እጄን ሳነሣ ግን ይመለሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ይህን ጊታሩ አይደለም ያስተማረኝ፤ የመብራት መጥፋት ነው።

ማታ በጆሮ ማዳመጫ እየሞከርሁ ነበር፤ በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጉያ አለችኝ። ከግድግዳው ጋር የሚያገናኛት ሽቦ የለም። ሆኖም ጉምጉምታው አለ። ድንገት የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ በዚያችው ቅጽበት ጉምጉምታውም ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ክር ነካሁ፤ እስኪሞት ድረስ ከጀርባው አንዳች ነገር አልነበረም። ይህ ጊታር እንዲህ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ጉምጉምታውም አብሮ መጣ።

እንግዲህ በሽቦ የሚመጣ አይደለም፤ በአየር ነው። የቤታችን ኮረንቲ 50 ኸርዝ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር፣ የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ በዙሪያቸው የሚወዛወዝ መስክ ይፈጥራሉ። 8,000 ዙር ሽቦ የክሩን እንቅስቃሴ እንደሚይዝ ሁሉ ያንንም ይይዛል። የምሰማው ይበልጥ እጥፉን፣ 100 ኸርዙን ነው፤ በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ቤት ላይ ያለው ሶል 98 ኸርዝ ስለሆነ፣ ያንን ኖታ ይዤ ስቆይ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ይህ ከታወቀ ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ሆዱን በብረት መሸፈን፣ ሁለተኛው ፒክአፖቹ እርስ በርስ ጉምጉምታውን እንዲያጣፉ ማድረግ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሥራውን አቁሜአለሁ። በባዶ እግሬ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ፣ ጊታሩን በትልቁ አምፕሊፋየር ሰክቼ ክር ስነካ ጣቴን ነዘረኝ። ቀላል ንዝረት ነው፤ ግን ከዚህ በፊት አልነበረም።

ለምን አሁን? ያስተካከልሁት እኔ ነኝና። የክሮቹ ሽቦ ተበጥሳ ሳለች እጄ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር አይገናኝም ነበር። አሁን ከጣቴ ወደ ክር፣ ከክር ወደ ብሪጅ፣ ከብሪጅ ወደ ጃክ፣ በኬብሉ ወደ አምፕሊፋየሩ ብረት፣ ከዚያም በስፒናው ሦስተኛ እግር ወደ ግድግዳው አንድ መንገድ ሆኗል። ጊታር ውስጥ ግራውንድ የምንለው የጋራ መመለሻ ነው እንጂ መሬት አይደለም። መሬት የሚሆነው በመንገዱ መጨረሻ አፈር ካለ ብቻ ነው።

ሶኬቱን በቴስተሩ ለካሁ። ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚመጣበት ሽቦ) ወደ ኒውትራል (ወደሚመለስበት) 221 ቮልት። ከፌዝ ወደ ግራውንድ እግር ደግሞ ከዚህ ጋር የተቀራረበ መሆን ሲገባው 64። ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 38። እነዚህ ምንም ያልተያያዘ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ንባቦች ናቸው። ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ሦስተኛው ግን ለመልክ ነው። ይህን ልኬት ለማድረግ ቴስተሩ ተለዋዋጭ ቮልት ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ ማየት፣ የመለኪያውን ባዶ ብረት አለመንካት ግድ ነው፤ የማያውቅ ሰው ባለሙያ ይጥራ።

በዚህ ጉዳይ ላይ አልቀልድም። የስቶን ዘ ክሮውስ ቡድን ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ ግራውንድ ያልሆነ ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። ክሮቹ በአንድ በኩል፣ ማይክሮፎኑ በሌላ በኩል፤ በመካከል ያለው ሰው ሽቦ ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ ሦስተኛውን የስፒና እግር ሶኬቱ አላስገባ ሲል ቆርጦ መጣል የተለመደ ነው። በአዳራሽም በሠርግ ቤትም አይቻለሁ፤ በየጊዜው ያንን የቆረጠ እጅ ምን እንደቆረጠ ቢያውቅ እላለሁ።

ማታ አከራዬን አነጋገርኋቸው። «እትዬ፣ የቤቱ ሶኬት መሬት የለውም» አልኋቸው።

«መሬትማ አለን ልጄ፤ ካርታው በእጄ ነው» አሉኝ።

የኮረንቲውን መሬት ማለቴ እንደሆነ አስረዳሁ፤ ከሶኬቱ ሽቦ ወጥቶ ግቢው አፈር ውስጥ መቀበር እንዳለበት። ትንሽ አሰቡና «ማቀዝቀዣውን ሳጥብ እጄን የሚያንዘረዝረኝ ታዲያ በዚህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በዚሁ ነው። «እስካሁን ለምን ዝም አልህ?» አሉኝ። ኤሌክትሪሺያን እንዲመጣ ተስማማን፤ ወጪውም እኩል። እስከዚያ በባትሪዋ ማጉያ ብቻ እሠራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የአንገቱ ፒክአፕ። ክዳኑን አውጥቼ፣ በማጉያ መነጽርና በስልክ መብራት ጥቅሉን ዞርሁት። ዕድል ነበረኝ፤ የተበጠሰው የውጨኛው ጫፍ ነው፣ ከታች ካለው የብየዳ ቀለበት አጠገብ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ጫፉን በወረንጦ ስስበው እንደ ሸረሪት ድር ተበጠሰ። ከ8,000 ዙር ሁለት ሦስት ዙር ቢጠፋ ለድምፁ ምንም አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ አንድ ዙር ፈትቼ በቂ ርዝመት ያዝሁ፤ መበየጃው ጫፍ ላይ ትንሽ የሊድ ጠብታ አንጠልጥዬ የሽቦውን ጫፍ አስገባሁት። የሚሸፍነው ቀለም ተቃጥሎ ሊዱ ያዘ። ያረጁ ፒክአፖች ቀለማቸው በሙቀት አይለቅም፤ እነሱን በጥንቃቄ መፋቅ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ላይ በየድሁት። ቴስተሩ 5.7 ኪሎ ኦም አለ። ብድግ ብዬ በክፍሉ ውስጥ ዞርሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

የተጠገነው ፒክአፕ ይሠራል፤ ግን ክዳኑን በጥፍር ሲመቱት እንደ ማይክሮፎን ያስተጋባል። ጥቅሉ ውስጥ የላሉ ዙሮች ይንቀጠቀጣሉ። መድኃኒቱ ሰም ማጠጣት ነው፦ አራት እጅ የሻማ ፓራፊን፣ አንድ እጅ የንብ ሰም። ፓራፊኑ ብቻውን ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ የንብ ሰም ያለዝበዋል። ሻማ 60 ብር። ሰሙን አክስቴ ጠጅ ስትጥል የወጣውን ሰፈፍ አቅልጣ አጥርታ ሰጠችኝ። በስንት አገር በፖስታ የሚያስመጡት ነገር እኛ ጋ ከጓዳ ይገኛል።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ትንሽ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ውኃ ባለው ድስት አስቀመጥሁት። ቴርሞሜትሩ 65 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ምድጃውን ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ ከሄደ የፒክአፑ ፕላስቲክ ይጣመማል። ሃያ ደቂቃ ያህል ነከርሁት፤ የአየር አረፋው ሲያቆም አወጣሁት። ማስተጋባቱ ጠፍቷል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ርካሽ ፒክአፕ ስለሆነ ማግኔቱ ምሰሶዎቹ ራሳቸው አይደሉም፤ ከሥር የተለጠፈ አንድ ጠፍጣፋ የሴራሚክ ማግኔት ነው። በሙቀቱ ማስቲሹ ለቀቀና ማግኔቱ እጄ ላይ ቀረ። ጠርጌ መልሼ ለጠፍሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የመሸፈን ሥራ፤ የባከነ ቀን። የመዳብ ቴፕ በየሱቁ ፈልጌ አጣሁ። የማቀዝቀዣ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የአልሙኒየም ቴፕ በ450 ብር ገዝቼ የጊታሩን ሆድ በሙሉ አለበስሁት። ለዓይን ያማረ ነበር። ከዚያ በቴስተር ከአንዱ ቁራጭ ወደ አጠገቡ ቁራጭ ስለካ፣ አይገናኙም። ማስቲሹ ኮረንቲ አያስተላልፍም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ደሴት ነው። በብየዳ ላያይዛቸው ብል አልሙኒየም በተራ ሊድ አይያዝም። ጠርዞቹን እያጠፍሁ ብረት ከብረት እንዲነካ ሞከርሁ፤ አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ ሲነካ ይለቃል። ሁሉንም ላጥሁት። ዱባይ ያለችው እህቴ ወደ አገር ለሚመጣ ሰው የመዳብ ቴፕ ሰጥታ ልካልኛለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መዳቡ ደረሰ። በመቀስ እየቆረጥሁ፣ ጠርዝ በጠርዝ ላይ እየደረብሁ ሆዱን፣ የጃኩን ጉድጓድና የክዳኑን ጀርባ ለበጥሁ። መዳብ ሊድ ስለሚይዝ በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጌ በየድሁ። ክዳኑ ሲገጠም ከሆዱ ጋር እንዲነካካ ቴፑን በብሎን ቀዳዳዎቹ ላይ ወደ ውጭ አወጣሁት። አንድ ሽቦ ከመዳቡ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ፤ የሁሉም ግራውንድ እዚያ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። መቆጣጠሪያዎቹን እርስ በርስ የምታገናኘውን አሮጌ ሽቦ አነሣኋት፤ መዳቡ ያገናኛቸዋልና። በድምፁ ላይ ለውጥ አልሰማሁም፤ ብትኖርም ባትኖርም ያው ይመስለኛል።

ክዳኑን ዘግቼ ስሰካው ፍጹም ጸጥታ። ክር ስመታም ጸጥታ። አንድ ሰዓት ተኩል ሽቦ ስፈትሽ ቆየሁ። ቴስተሩ በጃኩ ሁለት እግሮች መካከል ጢጥ ይላል፤ ክዳኑን ሳነሣ ያቆማል። ኬብሉ ሲሰካ የጃኩ የሲግናል ምላስ ወደ ጎን ተገፍቶ መዳቡን ይነካ ነበር። በዚያ ቦታ ላይና ከመምረጫው ጥርሶች ትይዩ ናስትሮ ለጠፍሁ። ዝዝዝ የሚለው ቀጭኑ ድምፅ አብዛኛው ጠፍቷል። ወፍራሙ ጉምጉምታ ግን አለ፤ ቀጭን መዳብ የኤሌክትሪክ መስክን እንጂ የ50 ኸርዝ ማግኔታዊ መስክን አያግድም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

መምረጫው አራተኛ ቦታ ላይ፣ የአንገቱና የመካከሉ አብረው ሲሠሩ፣ ድምፁ የሳሳና አፍንጫ ውስጥ ያለ ሆነ። ሁለቱ ፒክአፖች ይቃረናሉ። ሽቦ አላቀያየርሁም። ታዲያ ምን? ማግኔቱ! ሰም ውስጥ የለቀቀውን ስመልሰው የትኛው ፊት ወዴት እንደነበር ምልክት አላደረግሁም ነበር።

በትንሽ ኮምፓስ ፈተሽሁ። የብሪጁና የመካከሉ የመርፌውን አንድ ጫፍ ይስባሉ፤ የአንገቱ ሌላውን። ገልብጬ መለጠፍ ብቻ ነበር የሚቀረው። ነገር ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ስሕተቱ የምፈልገውን መንገድ አሳየኝ።

የክሩ ሲግናል በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በማግኔቱ ዋልታና በጥቅሉ አቅጣጫ። ጉምጉምታው ግን ማግኔቱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የጥቅሉን አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ፒክአፕ ላይ ማግኔቱንም የሽቦውን ሁለት ጫፎችም ብገለብጥ፣ ሲግናሉ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጉምጉምታው አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲሠሩ ሲግናሉ ይደመራል፣ ጉምጉምታው ይጣፋል። የጊታር ፋብሪካው የጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃምባከር የሚባለውን ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ የሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ እሱ ሁለቱን ጥቅሎች በአንድ ሽፋን ውስጥ አስቀመጣቸው።

የአንገቱን ማግኔት ወደ ቀድሞው መለስሁ። የመካከሉን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ማግኔቱን በቀጭን ቢላዋ አላቅቄ ገለበጥሁ፤ ሁለቱን ሽቦዎቹንም አቀያየርሁ። ይህ የሚቻለው ከሥሩ የሚለጠፍ ማግኔት ስላለው ነው። ምሰሶዎቹ ራሳቸው ማግኔት በሆኑበት ፒክአፕ አይሞከርም፤ ምሰሶ ሲገፋ ጥቅሉ ይበጠሳል። በዚህ አንድ ነገር ርካሹ ፒክአፕ ከውዱ ይሻላል።

ለማረጋገጥ ቴስተሩን በእያንዳንዱ ፒክአፕ ላይ አድርጌ ካቻቢቴ ምሰሶዎቹ ላይ አሳርፌ ድንገት አነሣሁ። ንባቡ በብሪጁና በአንገቱ ለአፍታ ከፍ ይላል፤ በመካከሉም ከፍ አለ። ይስማማሉ። ባትሪዋን ማጉያ ሰካሁ። አንደኛ ቦታ፣ ጉምጉምታ። ሁለተኛ ቦታ፣ የብሪጁና የመካከሉ አብረው፣ ጠፋ። ሦስተኛ፣ መጣ። አራተኛ፣ ጠፋ። መብራት በጠፋበት ማታ የሰማሁት ዝምታ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። የብሬከር ሳጥኑን ሲከፍት አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከየክፍሉ መጥቶ ጥጉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ግቢው ጥግ፣ የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት እርጥብ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረን የመዳብ ዘንግ ቀበርን፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላው፤ እርጥበት ይዞ ኮረንቲውን ወደ አፈር እንዲያስተላልፍ። ቆፋሪው እኔ ነበርሁ።

አንድ ጎረቤት መጥቶ «ለምን ትለፋላችሁ፤ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራሉ ጋር ብታያይዙት ያልቃል» አለን። ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ከጉድጓዱ ሳያወጣ «ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ 220ው ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ወንድሜ ጊታር ላይም ነው» ብሎ መለሰለት። ይህን ማንም ቤት ውስጥ እንዳይሞክረው።

ሲያልቅ ለካሁ። ከፌዝ ወደ ኒውትራል 219፣ ከፌዝ ወደ ግራውንድ 218፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ 1.2 ቮልት። እትዬ ማቀዝቀዣውን በእርጥብ እጃቸው ሊነኩ ሲሉ ከለከልኋቸው፤ እጃቸውን አድርቀው ነኩ። «ጸጥ አለ» አሉ። የእኔ ድርሻ 3,200 ብር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

አዲስ ክር ገጠምሁ። ሰባት ሳምንት ተዘግቶ የቆየውን ትልቁን አምፕሊፋየር ሰካሁ፤ በጫማ፣ በደረቅ ጣት ጀርባ ነካሁ። ንዝረት የለም። ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ የሚሰማው የአምፕሊፋየሩ የራሱ ቀጭን ሽሽታ ብቻ ነው። በአንደኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ ጉምጉምታው አሁንም አለ፤ ነጠላ ጥቅል ነውና ብቻውን ሲሠራ ማንም አያጣፋለትም። ከማቀዝቀዣው ራቅ ብዬ ወደ መስኮቱ ስዞር ይቀንሳል። ጆሮ የሚበሳው ሹልነትም ለዝቧል።

ለጊታሩ ጥገና የወጣው በአጠቃላይ 2,685 ብር ነው፤ የባከነው አልሙኒየምና የሽቦው 60 ብር ጭምር። የግራውንዱ ለብቻው።

የቀረ ሥራ አለ። የአንገቱ ቶን ካፓሲተር ፈዟል፤ ከሞተ ሬዲዮ የነቀልሁት 223 የተጻፈበት፣ ማለትም 0.022 ማይክሮፋራድ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። የብሪጁን ፒክአፕም ሰም አጠጣዋለሁ፤ በዚህኛው ዙር ማግኔቱ ላይ በእርሳስ ቀስት ሥዬበታለሁ። ዛሬ ግን መበየጃውን አልሰካሁም። አራተኛው ቦታ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ድረስ ትዝታ ተጫወትሁ፤ እትዬም በሩን ከፍተው ደጃፉ ላይ ቡናቸውን ቆሉ።